ከመርካቶ ዕቃ የዱሮ ዓይነት ትራያል ሞተር ሳይክል መሥራት

«ስንት ይሄዳል?» ሞተር ሳይክል ያየ ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚጠይቀው ይሄንን ነው። ትራያል በሚባለው ስፖርት ግን ጥያቄው ሌላ ነው፤ ሳይጠፋ ምን ያህል ቀስ ይላል? ድንጋይ፣ ጭቃ፣ የዛፍ ሥርና ዳገት ያለበት አጭር መንገድ በምልክት ይከለላል። ነጂው እግሩን መሬት ሳያስነካ ማለፍ አለበት። አንዴ ካስነካ 1 ነጥብ ይቆጠርበታል። ሁለቴ ካስነካ 2፣ ከዚያ በላይ ስንቴም ቢያስነካ 3። ከወደቀ ወይም ከክልሉ ከወጣ 5 ነው። በመጨረሻ ትንሽ ነጥብ የያዘ ያሸንፋል።

ስፖርቱ ያደገው ብሪታንያ ውስጥ ነው። እዚያ ብዙ ሰው የመንገድ ሞተሩን ራሱ እየቆራረጠ ነበር ለትራያል የሚያዘጋጀው። ቢኤስኤ ባንታምና ትራያምፍ ታይገር ከብ የተባሉት የመንገድ ሞተሮች በዚህ መንገድ በየጓዳው ተለውጠዋል። ሳሚ ሚለር የተባለው ታዋቂ ነጂ ለዓመታት ያሸነፈው በ500 ሲሲ ኤሪየል ነበር። እ.ኤ.አ. በ1964 መጨረሻ ወደ ስፔኑ ቡልታኮ ተሻገረና ሼርፓ ቲ የምትባለውን ሞተር ሳይክል በመሥራት ተሳተፈ። በ1965 የስኮትላንዱን የስድስት ቀን ትራያል በእሷ አሸነፈ። የሲሲዋ መጠን የኤሪየሉን ግማሽ አይሞላም። ክብደቷ ግን 90 ኪሎ ገደማ ብቻ ነበር። ከዚያ በኋላ ከባዱን ሞተር መልሶ የፈለገው የለም።

እነዚያን ሞተሮች አዲስ አበባ ውስጥ ፈልጎ ማግኘት ዘበት ነው። ጠባያቸው ግን ይኮረጃል። ከኋላ ሁለት ሾክ፣ በአየር የሚቀዘቅዝ ባለ አንድ ሲሊንደር ሞተር፣ የታምቡር ፍሬን፣ በእግር የሚነሳ። ይሄ ሁሉ መርካቶ ሶማሌ ተራና ዙሪያው ተከምሮ ይገኛል። የሚጎድለው ቅደም ተከተል ነው። ሰው ሁሉ መጀመሪያ ሞተር ይገዛል፣ ከዚያ ለሞተሩ ሻንሲ ይፈልጋል፣ ጎማውን ካገኘው ያደርጋል። እኔ የምለው ግልባጩን ነው። መጀመሪያ ጎማና ቸርኬ፣ ቀጥሎ ሻንሲ፣ ሞተሩ መጨረሻ። ትራያል ላይ ዋጋ የሚያወጣው ቁመናው ነው፤ ሞተር ደግሞ እዚህ ከተማ ውስጥ በቀላሉ የሚገኘው ዕቃ ነው።

ከሁሉ በፊት ወረቀት

አዲስ አበባ ውስጥ ከሰኔ 2011 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ የሞተር ሳይክል እንቅስቃሴ በፈቃድ የተገደበ ነው። ከዕቃ የተገጣጠመ ሞተር ሳይክል ደግሞ ሊብሬም ታርጋም የለውም። ስለዚህ አስፋልት አይወጣም። «እስከ ሰፈሩ ጫፍ ብቻ» የሚባል ነገር የለም። በፒክአፕ ወይም በአይሱዙ ተጭኖ ይሄዳል፣ ተጭኖ ይመለሳል። ይሄን ከአሁኑ ካልተቀበላችሁ ገንዘባችሁን ባታወጡ ይሻላል።

ስትገዙ የሞተርና የሻንሲ ቁጥር እዩ። የተፋቀ ወይም በብየዳ የተሸፈነ ቁጥር ካለ ዕቃውን ባለበት አስቀምጡና ሂዱ። ዋጋው በጣም ካነሰም ጠርጥሩ። የሽያጭ ውል በሁለት ምስክር ጻፉ፣ የሻጩን መታወቂያ ኮፒ ያዙ። ነገሩ ለአሮጌ ብረት የበዛ ይመስላል። ግን የሌባ ዕቃ ይዞ ከመገኘት ይሻላል። ሻንሲውን ስትቆርጡም ቁጥሩ ያለበትን ቦታ እንዳትነኩ።

ጎማና ቸርኬ

የትራያል ልክ የታወቀ ነው፤ ከፊት 2.75-21፣ ከኋላ 4.00-18 (የመጀመሪያው ቁጥር የጎማው ስፋት፣ ሁለተኛው የቸርኬው መጠን በኢንች ነው)። የፊቱ ጎማ ትልቅ የሆነው ድንጋይ ላይ ለመውጣት ነው። ትንሽ ጎማ ድንጋዩን ይገጨዋል፣ ትልቁ ይወጣዋል።

የፊቱን 21 ከያማሃ ዲቲ 175 ወይም ከሆንዳ ኤክስኤል 125 ፈልጉ። ሁለቱም ከኋላ 18 ናቸው፤ ጥንዱን ካገኛችሁ አትለያዩት። የቻይናዎቹ ሲጂ ዓይነቶች (የሆንዳ ሲጂ 125 ኮፒዎች) በሁለቱም በኩል 18 ስለሆኑ ለኋላው ብቻ ይሆናሉ። ቦክሰር የሚባሉት ሞተሮች 17 ናቸው፤ እለፏቸው። ቸርኬ ከአንዱ፣ ሞዞ (ሽቦዎቹ የሚታሰሩበት የጎማው እምብርት) ከሌላው የምታጋቡ ከሆነ የሽቦዎቹን ቀዳዳ ቁጠሩ። 36 ቀዳዳ ያለው ቸርኬ 36 ቀዳዳ ያለው ሞዞ ነው የሚፈልገው። የሽቦው ርዝመትም ይለያያል። አጭር ሽቦ በግድ ስቦ ማሰር የሚባለውን ምክር አትስሙ፤ አንድ ድንጋይ ላይ ስትወጡ ይበጠሳል።

ቸርኬውን ለመፈተሽ በአክስሉ ላይ ሰቅላችሁ አሽከርክሩት። ጠመኔ ይዛችሁ ወደ ጠርዙ አስጠጉ። ጠመኔው በአንድ በኩል ብቻ ከነካ ጎብጧል። ትንሽ ጉብጠት በሽቦ ይስተካከላል። የተሰነጠቀ አሉሚኒየም ግን ተበይዶም አይድንም።

ለትራያል ብቻ የሚሠራው ለስላሳ ጎማ እዚህ በቀላሉ አይገኝም። ጥርሱ ያልተበላ የገጠር ሞተር ጎማ ግዙ። ትንሽ ያገለገለ ጎማ ከአዲሱ ይሻላል፤ ጎኑ ለስልሷል። ቁም ነገሩ አየሩ ነው። ትራያል ላይ የኋላው 5 ፒኤስአይ፣ የፊቱ 6 እስከ 8 ፒኤስአይ ቢሆን ነው። ጎሚስታ ቤት ሄዳችሁ ይሄን ብትነግሩት «ይሄማ ፈንድቷል በለኝ!» ነው የሚላችሁ። የሱ መለኪያ እንዲህ ዝቅ ያለ አየር በትክክል አያነብም። በብስክሌት ፓምፕና በትንሽ መለኪያ ራሳችሁ ሙሉት። ጎማው ሲረገጥ ተንጣፎ ድንጋዩን እንዲይዝ ነው የተፈለገው።

በዚህ አየር ግን ሌላ ችግር ይመጣል። ጎማው ቸርኬው ላይ ይንሸራተትና ካላማዳሪውን (የውስጡን ጎማ) አየር መንፊያው ላይ ይገነጥለዋል። ስለዚህ ጎማውን ከውስጥ ቸርኬው ላይ የሚያጣብቅ መቆለፊያ ይገባል። ቸርኬው ላይ አንድ ቀዳዳ ይበሳል፣ ከውስጥ በጎማ የተለበጠ ብረት ይቀመጣል፣ ከውጭ በዳዶ ይታሰራል። የድሮ ዲቲ ጎማ ስትፈቱ አንዳንዴ አብሮት ይወጣል። ካገኛችሁ አትጣሉት።

ሻንሲ

ሁለት መንገድ አለ። የዲቲ ወይም የኤክስኤል ሻንሲ ካገኛችሁ ግማሹ ሥራ አልቋል። ካልሆነ የሲጂ ሻንሲ ይሠራል፤ ቀላል ነው፣ ሞተሩም ያለ ጣጣ ይገባበታል። ግን የፊት ሹካውን ከ21 ጎማ ጋር ከሚሄድ ሞተር ማምጣት ሊኖርባችሁ ነው። ሹካውን ከነመሪ አንገቱ፣ ከነኩሽኔታው ግዙ። ለየብቻ ከገዛችሁ ቶርኖ ቤት መመላለስ ነው ዕጣችሁ።

ቀጥሎ መቀነስ። የባትሪ ሳጥን፣ የፍሬቻ ማሰሪያ፣ የኋላ ተሳፋሪ መርገጫ፣ የዕቃ መጫኛ፣ የመሐል መቆሚያ፤ ሁሉም ይውጣ። የተቆረጠውን አንድ ላይ ሰብስባችሁ መዝኑት። ቆራሌው ሲመጣ ትሸጡለታላችሁ፤ ለቀለም መግዣ ትሆናለች። ጠቅላላው ሞተር ሳይክል ከ95 ኪሎ በታች ከሆነ ጥሩ ነው። 90 ከገባ ደግሞ እሰየው።

አሁን ቁመናው። ትራያል ላይ አይቀመጥም፣ ይቆማል። ስለዚህ የእግር መርገጫው ቦታ ከሞተሩ ጉልበት ይበልጣል። የመንገድ ሞተር መርገጫ ወደ ፊት የተገፋ ነው። 5 ሴንቲ ሜትር ያህል ወደ ኋላ አምጡት፣ የሻንሲው የታችኛው ቱቦ እስከፈቀደ ድረስም ዝቅ አድርጉት። ከመበየዳችሁ በፊት በብረት ማሰሪያ ጊዜያዊ አድርጋችሁ ቁሙበት። አንድ ሰው ከፊት ይያዝላችሁ። ጉልበታችሁን ትንሽ አጥፋችሁ ስትቆሙ ክንዳችሁ ሳይወጠር መሪውን መያዝ አለባችሁ። ወደ ፊት የምትደፉ ከሆነ መርገጫው ገና ፊት ነው። መሪው ሰፊ ይሁን፣ ከጫፍ ጫፍ 82 ሴንቲ ሜትር አካባቢ። የመንገድ ሞተሮች መሪ ጠባብ ስለሆነ ከገጠር ሞተር የወረደ ፈልጉ።

ሌላው የሹካው ዘንበል ማለት ነው። የዱሮ ገጠር ሞተሮች ሹካ ወደ 30 ዲግሪ ይጠጋል። ለቀጥታ መንገድ ጥሩ ነው፣ ጠባብ ቦታ ላይ ግን አይታጠፍም። ትራያል 26 ዲግሪ አካባቢ ይፈልጋል። ሻንሲውን አንገቱ ላይ መቁረጥ ይቻላል፤ ግን ልምድ ከሌላችሁ እንዳትሞክሩት። ቀላሉ ዘዴ ከኋላ ረዘም ያለ ሾክ መግጠምና የፊት ሹካውን ማሰሪያው ውስጥ ወደ ላይ መሳብ ነው። በጎማና በጎማ መሐል 127 ሴንቲ ሜትር ላለው ሞተር ሳይክል ከኋላው በ22 ሚሊ ሜትር ከፍ ሲል ወይም ከፊቱ በዚያው ልክ ዝቅ ሲል ሹካው 1 ዲግሪ ይቀናል። ሁለቱንም በ3 ሴንቲ ሜትር ብታደርጉ 3 ዲግሪ ሊጠጋ ነው። መሪው ወደ ግራና ቀኝ እስከምን ይዞራል የሚለውንም እዩ። ማቆሚያዋን ጉጥ በሞረድ ትንሽ ብትፍቋት ብዙ ለውጥ አላት። ሹካው ሰልባትዮውን (የቤንዚን ታንከሩን) እንዳይመታ ብቻ ጠብቁ።

ብየዳ

በያጅ ጋ ከመሄዳችሁ በፊት ቀለሙንና ዝገቱን ራሳችሁ አንሱ። በያጅ ቀለም ላይ ከበየደ ውስጡ ቀዳዳ ይሆናል፤ ከላይ ያማረ፣ ከሥር ባዶ። ለሻንሲ የሚገባ ቱቦ ግድግዳው 2 ሚሊ ሜትር ይሁን። ለአጥር የሚሸጠው ስስ ቱቦላሬ አይሆንም። ሁለት ቱቦ የሚቀጥል ከሆነ ከውስጥ ሌላ ቱቦ ይግባ፣ ከዚያ በላዩ ይበየድ።

መጀመሪያ ነጥብ ነጥብ ብቻ ይያዝ። ከዚያ ሁለቱን ጎማ ግጠሙና ክር ወጥሩ፤ ከኋላ ጎማ ግራና ቀኝ እስከ ፊት ጎማ። በሁለቱም በኩል ያለው ክፍተት እኩል ሲሆን ብቻ ሙሉ ይበየድ። የብየዳው ምድር ሽቦ ከሚበየደው ቦታ አጠገብ ይያዝ፤ ርቆ ከተያዘ ኤሌክትሪኩ በኩሽኔታ ውስጥ ያልፍና ያበላሸዋል። ሲዲአዩ (ለካንዴላው እሳት የሚሰጠው ሳጥን) እና ሌላው የኤሌክትሪክ ዕቃ ሁሉ ቀድሞ ይውረድ። በያጁ «መብራት ሳይጠፋ ቶሎ እንጨርስ» ማለቱ አይቀርም። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል፤ ነገ ተመለሱ።

ስለ ሰልባትዮ አንድ ነገር ልብ አድርጉ። ቤንዚን የያዘ ዕቃ ባዶ መስሎም ይፈነዳል። አሮጌ ሰልባትዮ የሚበየድ ከሆነ በሳሙና ደጋግሞ ይታጠብ፣ ከዚያ የሚበየደው ቦታ ብቻ እስኪቀር ውሃ ይሞላ። ይሄን የማይቀበል በያጅ ካጋጠማችሁ ዕቃችሁን ይዛችሁ ውጡ። ለትራያል 3 ወይም 4 ሊትር የሚይዝ ጠባብ ሰልባትዮ ይበቃል። ምናለሽ ተራ ውስጥ ላሜራ ቀጥቅጠው ዕቃ የሚያወጡ ሰዎች አሉ። በካርቶን ልኩን ቆርጣችሁ ከወሰዳችሁላቸው ከሥዕል በተሻለ ይገባቸዋል።

ሞተር መምረጥ

እኔ የምመርጠው የሲጂ 125 ዓይነት ነው። ሆንዳ ይሄን ሞተር በ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ሲያወጣ ጥገና ለሚያስቸግርባቸው አገሮች አስቦ ነበር። ባልቦላዎቹን የሚገፉት ዘንጎች ናቸው፤ የካም ሰንሰለት የለውም። የፒስቶኑ ስፋት 56.5፣ ጉዞው 49.5 ሚሊ ሜትር ነው። ኮፒው በየቦታው ስለሚሠራ ፋሻ (የፒስቶን ቀለበት)፣ ጓርኒሲዮን፣ የፍሪሲዮን ሸራ እንደ ልብ ነው። ባለ ሁለት ምቱ ዲቲ ሞተር ለትራያል ጥሩ ጠባይ አለው። ግን ዕቃው ሲያልቅ መንከራተት ነው።

ሻጩ «አንደኛ ነው ወንድሜ፣ ዛሬ ነው የወረደው፣ ነድቶ ነው የመጣው» ይላችኋል። እሺ በሉትና ሥራችሁን ጀምሩ። ካንዴላውን ፍቱና አውራ ጣታችሁን ቀዳዳው ላይ ጫኑ። ማስነሻውን በእጃችሁ ቀስ ብላችሁ አዙሩት። ጤነኛ ሞተር ጣታችሁን ገፍትሮ ይተፋዋል። ፍስ ብሎ ብቻ ከወጣ ፋሻው ወይም ባልቦላው አልቋል። ካንዴላው ራሱ ይናገራል፤ በዘይት የራሰ ከሆነ ሞተሩ ዘይት ይበላል። የፊት ጥርሱ የሚገባበትን ዘንግ ይዛችሁ ወደ ላይና ወደ ታች ነቅንቁ። ከተንቀጫቀጨ ኩሽኔታው ሄዷል። የዘይት ማፍሰሻውን ቡሎን ፍቱና የወጣውን በጣታችሁ መሐል አሹ። የሚያብረቀርቅ ብረት ካለ «አመሰግናለሁ» ብላችሁ ተነሱ። ዘይት ጨርሶ ከሌለበት ደግሞ ለምን እንደተደፋ ጠይቁ።

ማርሾቹን አንድ በአንድ አስገቡ። ሁሉም ባይገቡ ችግር የለም የሚል ሻጭ አለ። 1ኛና 2ኛ ካልገቡ ችግር አለ፤ ሌሎቹን ብዙም አንጠቀምባቸውም።

ኤሌክትሪኩን በተመለከተ ባትሪ አንፈልግም። የሲዲአይ ሞተሮች ሁለት ዓይነት ናቸው። አንዱ ጉልበቱን በቀጥታ ከማግኔቱ ያገኛል፣ ሌላው ከባትሪ። ለመለየት ባትሪውን አላቅቃችሁ በእግር አስነሱ። ከተነሳ የምንፈልገው እሱ ነው። ካልተነሳ ሲዲአዩንና ማግኔቱን በሙሉ መቀየር ስላለባችሁ በዋጋው ተደራደሩ።

ሞተሩን ማዝገም

ለዚህ ነው ሁሉ ነገር። የመንገድ ሞተር ነዳጅ ስትነኩት ዘሎ ይነሳል፣ ስትለቁት ቶሎ ይጠፋል። ትራያል ሞተር እንደ ወፍጮ ድንጋይ በገዛ ክብደቱ መዞሩን መቀጠል አለበት። ስለዚህ የማግኔቱ ጎማ (ከሞተሩ ጋር የሚዞረው ክብ ብረት) ላይ የብረት ቀለበት ይጨመራል። 1 ኪሎ ያህል ይበቃል።

ይሄን ሥራ ለጥሩ ቶርኖ ቤት ስጡ። ቀለበቱ ከብረት እንጂ ከቀለጠ ቁርጥራጭ የተሠራ እንዳይሆን። ጠቦ ይጠረብ፣ ተግሎ ይግባ፣ ሲቀዘቅዝ ጨብጦ ይያዝ፤ በዚያ ላይ በቡሎኖች ይታሰር። ብየዳ ማግኔቱን ስለሚያበላሽ አይነካካውም። ካለቀ በኋላ ቶርኖው ላይ አዙራችሁ እዩት። የሚወዛወዝ ከሆነ አይገጠምም፤ በደቂቃ በሺህ የሚዞር 1 ኪሎ ብረት ቢወረወር እግር ይቆርጣል። ቶርኖ ሠሪው ጋሼ «ይበቃዋል» ካለ «እስኪ አንዴ ያሽከርክሩልኝ» በሉት፤ አይቆጣም። የጎን ክዳኑ ጠቦ ከነካ በመሐል ወፍራም ጓርኒሲዮን ወይም የአሉሚኒየም ቀለበት ይገባል።

ቀጥሎ ጥርሱ። የመንገድ ሞተር 1ኛ ማርሽ ለትራያል ፈጣን ነው። ለመለካት ካንዴላውን ፍቱ፣ 1ኛ ማርሽ አስገቡ፣ ማግኔቱ ላይ በቀለም ምልክት አድርጉ። የኋላ ጎማውን አንድ ዙር አዙሩና ማግኔቱ ስንቴ እንደዞረ ቁጠሩ። በለካሁት ባለ 5 ማርሽ ሲጂ ከፊት 15፣ ከኋላ 42 ጥርስ እያለው 31 ዙር ገደማ መጣ። የ4.00-18 ጎማ ዙሪያ 2.05 ሜትር ያህል ነው። ሞተሩ በደቂቃ 1,500 ቢዞር በሰዓት 6 ኪሎ ሜትር ሊሆን ነው። ይሄ የቸኮለ ሰው እርምጃ ነው። ከፊት 12፣ ከኋላ 50 ስታደርጉት 47 ዙር ይሆናል፤ ፍጥነቱ ወደ 4 ኪሎ ሜትር ይወርዳል። የምንፈልገው እዚህ ነው።

የ12ቱን ጥርስ መግዛት ቀላል ነው። የ50ው ካልተገኘ ትልቅ ጥርስ ያለው የሌላ ሞተር ኮሮና (የኋላ ጥርስ) ግዙና መሐሉን ቶርኖ ቤት አስጠርባችሁ በእናንተ ሞዞ ልክ አስበሱት። የሰንሰለቱ ቁጥር እንዲገጥም ግን ተጠንቀቁ፤ 428 ከ520 ጋር አይሄድም። የፊቱ ጥርስ ሲያንስ ሰንሰለቱ የኋላውን ሹካ መፋቅ ይጀምራል። ከወፍራም ፕላስቲክ መንሸራተቻ ቆርጣችሁ እሰሩበት። ሰንሰለቱም ጥቂት ጥፍር መጨመር ይኖርበታል።

ካርቡራተርና የአዲስ አየር

አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ናት። እዚህ ከፍታ ላይ የአየሩ ግፊት ከባሕር ወለል ጋር ሲነጻጸር ሩብ ያህል ያንሳል። ስለዚህ ከሌላ አገር የመጣ ካርቡራተር እዚህ ቤንዚን ያበዛል፣ ካንዴላው ይጠቁራል፣ ሞተሩ ይታፈናል። መካኒኮቻችን ይሄን ያውቃሉ፤ ትልቁን ጅግለር (ቤንዚን የሚያልፍበትን ቀዳዳ) በአንድ ወይም በሁለት ቁጥር ያሳንሱታል።

ትራያል ላይ ግን ትልቁ ጅግለር ብዙ አይሠራም። ነዳጅ መስጫውን ከሩብ በላይ የምንከፍተው አልፎ አልፎ ነው። ወሳኙ የሚኒሞው (ነዳጅ ሳይሰጥ ሞተሩ የሚሠራበት) ጅግለርና መርፌው ናቸው። ሞተሩ ከሞቀ በኋላ የሚኒሞውን አየር ቡሎን ቀስ እያላችሁ አዙሩ። ድምፁ ከፍ ብሎ የሚረጋበት ቦታ አለ፤ እዚያ ላይ ተዉት። ከዚያ በድንገት ትንሽ ነዳጅ ስጡ። አንዴ ጭው ብሎ ከተንገዳገደ ቤንዚን አንሶታል። ጥቁር ጢስ አውጥቶ ከተጎተተ በዝቶበታል። መርፌውን አንድ ጎድጓድ ወደ ላይ ወይም ወደ ታች አድርጉ። ካንዴላው ቡና ቀለም ሲይዝ ተስማምቷል።

የእንግሊዝ ሠሪዎች ሞተሩ ለስለስ እንዲል ከቴስታታው ሥር ጓርኒሲዮን ያወፍራሉ። እኛ አያስፈልገንም። ቀጭኑ አየር ያንን ሥራ ሠርቶልናል፤ ካወፈርነው ዳገት ላይ ይሞትብናል።

የቀሩት

ፍሬን፦ የታምቡሩን ውስጥ አጽዱ፣ የፍሬን ሸራውን በአሸዋ ወረቀት ፈግፍጉ፣ ካቦውን ቀይሩ። ታምቡሩ ላይ ያለችውን ክንድ በ2 ሴንቲ ሜትር ብታስረዝሟት በሁለት ጣት የሚይዝ ፍሬን ይሆናል። ፍሪሲዮኑም እንደዚያው፤ ትራያል ላይ እጅ ከፍሪሲዮን አይለይም፣ ከከበደ ክንድ ይደነዝዛል።

ማርሚታው (የጢስ ማውጫው) ከፍ ብሎ በጎን ይለፍ፣ እግር የሚነካበት ቦታ ላይ መከለያ ላሜራ ይኑረው። ድምፁን አፍኑት። እዚህ ከተማ ውስጥ ብዙዎቻችን የምንኖረው በር ለበር ነው። ቅዳሜ ጠዋት ግቢ ውስጥ የሚያንባርቅ ሞተር ካመጣችሁ ጎረቤት ዘይት እንኳ አያበድራችሁም።

የሞተር ማጥፊያው ከእጃችሁ ጋር በገመድ የታሰረ ይሁን። ስትወድቁ ገመዱ ይነቀላል፣ ሞተሩ ይጠፋል። ከሞተሩ ሥር 4 ሚሊ ሜትር የአሉሚኒየም ላሜራ እሰሩ፤ ድንጋይ መጀመሪያ የሚያገኘው እዚያ ነው። ፓራፋንጎ ፕላስቲክ ይሁን። መቀመጫ ስፖንጅ የተለበጠባት ትንሽ ሰሌዳ ትበቃለች።

ማስነሳትና መለማመድ

ለመጀመሪያ ጊዜ ስታስነሱ ከማግኔቱ ጎን ማንም አይቁም። 10 ደቂቃ በሚኒሞ ይሥራ። አጥፉትና ቡሎኑን ሁሉ እንደገና አጥብቁ፤ የማግኔቱን ዳዶ አትርሱ። ከዚያ ግቢ ውስጥ፣ ሄልሜትና የቁርጭምጭሚት ቡት አድርጋችሁ፣ ቆማችሁ 8 ቁጥር ንዱ። ሁለት ጡብ አስቀምጡና በመሐላቸው ዙሩ። ጡቦቹን ቀስ በቀስ አቀራርቡ። ሲሆንላችሁ ግንድ አጋድሙና ተሻገሩት፤ የፊት ጎማው ግንዱን ሲነካ ትንሽ ነዳጅ፣ የኋላው ሲደርስ ጉልበት አጠፍ። ነጥብ የሚይዝ ሰው አቁሙ፤ ልጆች ይሄን ሥራ ይወዱታል፣ አያዳሉምም።

ለእውነተኛ ዳገት ከከተማ ውጭ ሥራ ያቆመ የድንጋይ ካባ ጥሩ ነው፤ የባለቤቱን ፈቃድ ይዛችሁ። እንጦጦ ጫካ ሰው የሚራመድበት ፓርክ ነውና እዚያ አይነዳም። ስትጭኑ ሹካው ተጨምቆ እስኪወርድ ወጥራችሁ በገመድ እሰሩት፤ የቤንዚኑን ቧንቧም ዝጉ።

ከመጀመሪያው የካባ ቀን በኋላ የሞተሩን ዘይት ሞቅ እንዳለ ለውጡ። አሮጌ ሞተር አዲስ ጠባይ ሲለምድ ቆሻሻ ይተፋል። የቸርኬውን ሽቦዎች አንድ በአንድ በካቻቢቴ ኳ ኳ አድርጉ፤ ድምፁ የደፈነው ላልቷል፣ አጥብቁት። የብየዳውን መጋጠሚያ በቤንዚን በራሰ ጨርቅ ጠርጉና በፀሐይ እዩ። እንደ ፀጉር የቀጠነ ጥቁር መስመር ካለ ተሰንጥቋል፤ ሳይቦረቦር በላዩ አይበየድም።